«አንቺ እኮ ነጭ ነሽ» የተባለችው ጓደኛ

ጥያቄው፦

«የምንኖረው ሲያትል ነው። የ15 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። የልብ ጓደኛዋ እናት የጃፓን ዝርያ ያላት አሜሪካዊት ናት፤ አባቷ ነጭ አሜሪካዊ ነው። ልጆቹ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አይለያዩም ነበር። እኛ ቤት ሽሮ እየበላች ነው ያደገችው ማለት ይቻላል። ባለፈው ወር ትምህርት ቤታቸው ያለውን የእስያውያን ተማሪዎች ክበብ ልትገባ ስትል ልጄ ‹አንቺ እኮ ነጭ ነሽ፣ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?› አለቻት። ለቀልድ ነው ትላለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷ አትደውልም፣ አትመጣም። ልጄ ደግሞ ‹ምን አጠፋሁ? ስትታይ ነጭ ናት› ብላ ድርቅ ብላለች። የኔንም ጥፋት ልናገር። ቤት ውስጥ በአማርኛ ‹ቻይናዋ መጣች› ማለት ለምዶብኝ ነበር። ልጅቷ ቃሉን ሳትለየው አልቀረችም። ለመሆኑ እንዲህ ያለች ልጅ ምን ተብላ ነው የምትጠራው? ልጄንስ ምን ልበላት?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ የራስዎን ድርሻ ሳይደብቁ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ወላጅ ይዞ የሚመጣው የልጁን ጥፋት ብቻ ነው። እኔ እዚህ አሜሪካ ከታዳጊዎችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር በምክር ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲደርሰኝ ነገሩን መጀመሪያ የማየው ከተቀየመው ልጅ ቦታ ሆኜ ነው።

እስኪ አብረን እንየው። እናት «ቻይና» ትላታለች። ልጅ «ነጭ» ትላታለች። አንድ ቤት፣ አንድ ሳሎን፣ ሁለት መጠሪያ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ቻይና አይደለችም፤ የእናቷ ወገን ከጃፓን ነው። ነጭ ብቻም አይደለችም። እሷ ራሷን ምን ብላ እንደምትጠራ ግን የጠየቃት የለም። ቀልዱ ብቻውን ያን ያህል የሚያርቃት አይመስለኝም። አራትና አምስት ዓመት የቆየ ጓደኝነት በአንድ ቀልድ አይቆረጥም። ሲጠራቀም የቆየ ነገር ላይ የወደቀ ጠብታ ነው።

ደግሞ ቀኑን ልብ ይበሉልኝ። የተባለችው ዝም ብላ በተቀመጠችበት ቀን አይደለም። ክበብ ልትገባ በተዘጋጀችበት ቀን ነው። አንዲት የ15 ዓመት ልጅ «እኔም ከእነሱ ነኝ» ብላ በር ለማንኳኳት ስንት ቀን እንዳሰበችበት መገመት አያቅትም። «ይቀበሉኝ ይሆን? መልኬን አይተው ይስቁብኝ ይሆን?» ስትል ቆይታለች። ድፍረቱን አግኝታ ለልብ ጓደኛዋ ስትነግራት፣ የፈራችውን ቃል ከጓደኛዋ አፍ ሰማችው። ከማታውቀው ልጅ ብትሰማው ኖሮ ወደ እናንተ ቤት መጥታ ታለቅስ ነበር። አሁን የምታለቅስበት ቤት ራሱ ጠፋባት።

እንዲህ ያሉ ልጆች ሁለት ዓይነት ነገር ይገጥማቸዋል። አንዱ የማያውቃቸው ሰው «ምንድን ነሽ?» እያለ መጠየቁ ነው። «ማን ነሽ?» አይደለም የሚሉት፤ «ምንድን ነሽ?» ነው። ይህ ያደክማል፣ ግን ይለመዳል። ሁለተኛው ከባድ ነው። ልጅቷ ማንነቷን ተናግራ ስታበቃ «አይ፣ አይደለሽም» መባሏ ነው። የጃፓን አያት ያላት ልጅ «ጃፓናዊነት አለብኝ» ስትል፣ ሌላው ፊቷን አይቶ «አይመስልም» ይላታል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ማስረጃ መቁጠር ይጀምራሉ። ቋንቋ እችላለሁ ወይ? በቾፕስቲክ መብላት እችላለሁ ወይ? የቤተሰብ ስሜ የማን ነው? በ15 ዓመት ፈተና እንደመቀመጥ ነው። በየቀኑ የሚደገም ፈተና።

የልጅቷን እናት ቤተሰብ አላውቅም። በዚያ አካባቢ የቆዩ ጃፓናዊ አሜሪካውያን ከሆኑ ግን ልጅዎ ልትሰማው የሚገባ ታሪክ አለ። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አሜሪካ ከጃፓን ጋር ጦርነት ላይ ሳለች፣ በየካቲት 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አንድ ትእዛዝ ፈረሙ። በዚያ ትእዛዝ ወደ 120 ሺህ የሚጠጉ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከምዕራብ ጠረፍ ተለቅመው ወደ ካምፕ ተወሰዱ። ከሦስቱ ሁለቱ እዚሁ የተወለዱ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ከሲያትል ፊት ለፊት ካለችው ከቤይንብሪጅ ደሴት የተነሱት ናቸው፤ መጋቢት 30 ቀን 1942 ከ220 በላይ ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው በጀልባ ተሻገሩ። የሲያትሎቹ ደግሞ መጀመሪያ ፑያለፕ በሚገኝ የባዛር ሜዳ ታጎሩ፣ ከዚያ አይዳሆ ወዳለው ሚኒዶካ ካምፕ ተላኩ። ካሊፎርኒያ ማንዛናር ካምፕ ውስጥ ወላጅ አልባ ሕፃናት ጭምር ነበሩ። ከእነሱም መካከል ከፊል ጃፓናዊ የሆኑ ነበሩበት። ያኔ «ግማሽ ብቻ ነኝ» ማለት ልጆቹን አላዳናቸውም።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ቤተሰቦች ልጆቻቸው ጃፓንኛ እንዳይናገሩ፣ በተቻለ መጠን እንደ ማንኛውም አሜሪካዊ እንዲመስሉ አድርገው አሳደጉ። ፈርተው ነው። የልጅ ልጆቻቸው ቋንቋውን አያውቁትም፤ ከሌላው ጋር ተጋብተዋል፤ ልጆቻቸው የተቀላቀሉ ናቸው። በ2010 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ጃፓናዊ ዝርያ አለን ካሉት 1.3 ሚሊዮን ሰዎች ውስጥ ከ540 ሺህ በላይ የሆኑት ከሌላ ዘር ወይም ከሌላ የእስያ ሕዝብ ጋር የተቀላቀሉ ናቸው። ከአሥሩ አራቱ ማለት ነው። የልጅዎ ጓደኛ በጃፓናዊ አሜሪካውያን መካከል እንግዳ ፍጥረት አይደለችም። ወገኖቿ ዘንድ እንደሷ ያሉ ብዙ ናቸው። ያ ክበብ ቢያንስ ከዚህ አንፃር የሷም ቤት ነው።

ወረቀቱ ራሱ የተስተካከለው በቅርቡ ነው። አሜሪካ በሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ ከአንድ በላይ ዘር መምረጥን የፈቀደችው በ2000 ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ወላጅ አንድ ሳጥን ብቻ መርጦ ምልክት ማድረግ ነበረበት። እናቷን ወይስ አባቷን? በ2000 ነጭም እስያዊም ነን ያሉት ወደ 870 ሺህ ነበሩ። በ2010 1.6 ሚሊዮን ደረሱ፣ በ2020 ደግሞ ወደ 2.7 ሚሊዮን። ቁጥሩ ያደገው ሕዝቡም ስለጨመረ፣ ቅጹም ስለተለወጠ፣ ሰዎቹም ስለደፈሩ ነው።

አሁን ልጅዎን ልስማት። «ስትታይ ነጭ ናት» ስትል ከሜዳ ተነስታ አይደለም። በዚህ ላይ ረጋ ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ወላጅ እዚህ ጋ ልጁን ገሥጾ ያልፋል። ልጅዎ ጥቁር ናት። ሁለቱ አብረው ሱቅ ሲገቡ ዘበኛው በዓይኑ የሚከተለው ማንን ነው? ክፍል ውስጥ ሁለቱም ቢስቁ «ዝም በይ» የምትባለው የትኛዋ ናት? መልሱን ልጅዎ በደንብ ታውቀዋለች። ጓደኛዋ ግን አላየችውም ይሆናል። ስለዚህ «አንቺ ነጭ ነሽ» በሚለው ቃል ውስጥ «አንቺን የማይነካሽ ነገር እኔን ይነካኛል» የሚል ሌላ ቃል ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ይህ እውነት ነው። መባልም አለበት። ግን በራሱ ስም ይባል። «ዘበኛው እኔን ብቻ ሲከተለኝ አንቺ ዝም አልሽ፣ ከፋኝ» ማለት ትችላለች። ይህ ጓደኛን ያቀርባል። «ነጭ ነሽ» ግን የራስን ሕመም ለመናገር ብሎ የሌላውን እናት መሰረዝ ይሆናል።

የጓደኛዋንም ጎን ልጅዎ ትወቀው። ነጭ መምሰል ሁሉንም ነገር አያቀልም። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ በእስያውያን ላይ በየመንገዱ ስድብና ጥቃት በረታ። መጋቢት 2021 አትላንታ አካባቢ አንድ ታጣቂ ስምንት ሰው ገደለ፤ ስድስቱ የእስያ ዝርያ ያላቸው ሴቶች ነበሩ። ያኔ እነዚህ ልጆች ትንንሾች ነበሩ። እናቷን ስለማትመስል እሷን ማንም አልነካትም ይሆናል። እናቷ ገበያ ስትወጣ ግን ትፈራ ነበር። አንድ እንደሷ ያለ ልጅ በዚያን ጊዜ «እኔ ከእናቴ ጎን ስሄድ ማንም እናቴ መሆኗን አያውቅም፣ ብትሰደብ እንኳ ለብቻዋ ነው የምትሰደበው» ብሎኛል። እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ስለ ጓደኝነት ጥናቶች ምን ይላሉ? ስለ ዘር የተቀላቀሉ ታዳጊዎች ሰው ብዙውን ጊዜ «ሜዳ ላይ ይቀራሉ፣ ጓደኛ የላቸውም» ብሎ ያስባል። በ1990ዎቹ በአሜሪካ በተጀመረ ትልቅ የታዳጊዎች ጥናት ላይ የተሠሩ ትንተናዎች ይህን አይደግፉም። የጓደኞቻቸው ቁጥር ከሌላው አያንስም፤ እንዲያውም ጓደኞቻቸው ከተለያየ ወገን የተውጣጡ ናቸው። በዚያው ጥናት ሌላ ነገርም ታይቷል። ተማሪዎቹ ስለ ዘራቸው አንዴ ትምህርት ቤት፣ አንዴ ቤታቸው ተጠይቀው ነበር። ጥቂት የማይባሉት ሁለት ቦታ ሁለት መልስ ሰጡ። ዋሽተው አይደለም። ቤት ውስጥ አጠገባቸው ያለው እናታቸው ነው፣ ትምህርት ቤት ያለው እኩያቸው ነው። ሰው ሲቀየር በውስጣቸው ያለው አንዱ ክፍል ጎላ ይላል።

ለልጅዎ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ልስጥ። አይሊን ጉ የተባለችውን የበረዶ ሸርታቴ ስፖርተኛ ታውቃት ይሆናል። ሳን ፍራንሲስኮ ተወልዳ ያደገች ናት፤ እናቷ ቻይናዊት፣ አባቷ አሜሪካዊ። በ2022 ቤይጂንግ ኦሊምፒክ ለቻይና ተወዳድራ ሁለት ወርቅና አንድ ብር አገኘች። አሜሪካ ስሆን አሜሪካዊት፣ ቻይና ስሆን ቻይናዊት ነኝ ስትል ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ተቆጣ። «አንዱን ምረጪ» አሏት። የ18 ዓመት ልጅ ነበረች።

ማሪያ ሩት የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1993 ለእንዲህ ያሉ ሰዎች የመብት ዝርዝር ጽፈዋል። እኔ በሥራዬ በጣም ተጠቅሜበታለሁ። ሰው ራሱን እንግዶች ከሚጠብቁት በተለየ ሊጠራ ይችላል ይላሉ። ወላጆቹ ከሚጠሩት፣ ወንድምና እህቱ ከሚጠሩት በተለየም ቢሆን። በዕድሜው ውስጥ ደጋግሞ ሊለውጠውም ይችላል። ይህን ለወላጆች ስነግር የሚደነግጡት የመጨረሻዋ ላይ ነው። «እንዴት ይለዋወጣል?» ይላሉ። እኔ የምመልሰው እንዲህ ብዬ ነው፦ ሰውዬው ራሱ እያደገ ነው፤ አያቱ ሲሞቱ፣ ጃፓን ሄዶ ሲመለስ፣ ልጅ ሲወልድ የሚጎላው ነገር ይለያያል።

እንግዲህ «ምን ተብላ ነው የምትጠራው?» ወዳሉት ልምጣ። ቃላቱ ብዙ ናቸው። ወጣቶቹ ዛሬ «ዌዥያን» ይላሉ፤ ነጭና እስያዊ የሚሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አጣምረው የፈጠሩት ነው። ብዙዎቹ ሲሉት ደስ ብሏቸው ነው። በምዕራብ ጠረፍ «ሃፓ» የሚሉም አሉ። ይህ የሃዋይ ቃል ነው፤ የመጣው ግማሽ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ሃዋይ ውስጥ ከሃዋይ ተወላጆች ጋር ስለተቀላቀሉ ሰዎች ይነገር ስለነበር፣ ሌላው እስያዊ ሁሉ ሲወስደው ቅር የሚላቸው የሃዋይ ተወላጆች አሉ። ስለዚህ ከውጭ ያለ ሰው ቀድሞ ባይለው ይሻላል። ጃፓን ውስጥ «ሃፉ» ይላሉ፤ ያውም ግማሽ ማለት ነው። «ልጄ ግማሽ አይደለችም» ብለው «ዳቡሩ» የሚሉ ወላጆች አሉ፣ እጥፍ እንደማለት። እንግሊዝ ያለ ዘመድ ካለዎት ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ እስያዊ ሲባል ቀድሞ ሰው ሐሳብ ውስጥ የሚመጣው ሕንዳዊው፣ ፓኪስታናዊውና ባንግላዴሻዊው ነው። የእንግሊዝና የዌልስ ቆጠራ ከ2001 ጀምሮ «ነጭና እስያዊ» የሚል ሳጥን አለው፤ በ2021 ያንን የመረጡት 488 ሺህ ያህል ነበሩ።

ከነዚህ ሁሉ የትኛው ልክ ነው ብለው ቢጠይቁኝ፣ እሷ የምትለው ነው። ምንም ላትልም ትችላለች። የሚቀርባት ሰው ደግሞ በየቀኑ መጠሪያ አያስፈልገውም፤ ስሟ ይበቃዋል።

ስለኛ ቃላት ደግሞ ትንሽ። «ቻይና» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ በክፋት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ኮሪያዊውም፣ ጃፓናዊውም፣ ቬትናማዊውም «ቻይና» ነው። መንገድ የሚሠራው ቻይናዊ ብዙ ስለሆነ ቃሉ ሁሉንም ጠቀለለ። ግን ያለ ክፋት የተባለም ነገር ይሰማል። ልጅቷ አማርኛ ባታውቅም «ቻይና» የሚለውን ቃል ለመለየት አስተርጓሚ አትፈልግም። «ክልስ» የሚለውንም ብዙዎቻችን እንዲሁ በተለምዶ እንላለን። እኔ ሰውየው ፊት ባይባል እመርጣለሁ፤ ስለ ሰውየው ከመናገሩ በፊት ስለ ወላጆቹ ይናገራልና። «ዲቃላ» ስድብ ነው፣ በቤታችሁ አይግባ።

ልጅዎን ምን ይበሏት? ስብከት አይጀምሩ። የ15 ዓመት ልጅ ስብከት ከሩቅ ይሸታታል። መኪና ውስጥ ስትሆኑ፣ ፊት ለፊት ሳትተያዩ፣ ስለ ራሷ ይጠይቋት። «አንቺን ‹ሀበሻ ነሽ እንጂ ጥቁር አይደለሽም› ያለሽ ሰው የለም?» ይበሏት። ወይም በሌላ ወገን፣ «አፍሪካዊ አትመስይም» ያላት። በኢትዮጵያውያን ቤት ያደጉ ልጆች እዚህ ሀገር ይህ የማይገጥማቸው ብርቅ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ «አማርኛሽ ተሰባብሯል፣ አሜሪካዊ ሆነሻል» ያሏት ሽማግሌ ይኖራሉ። ያኔ ምን ተሰማት? ትናገር። ከዚያ ዝም ይበሉ። ከጓደኛዋ ጋር እርስዎ ሳያገናኙት ራሷ ታገናኘዋለች። ያን ቀን ካላገናኘችው በሳምንቱ ታገናኘዋለች።

ይቅርታ መጠየቅ ስትፈልግ አጭር ይሁን። «ነጭ ነሽ ያልኩሽ ስህተት ነበር። አንቺ ምን እንደሆንሽ የምወስነው እኔ አይደለሁም። ክበቡን እንድትገቢ እፈልጋለሁ» ይበቃል። «ቀልዴን ነው» የሚል አይጨመርበት። «አንቺም እኮ ሙድ ይዘሽብኝ ታውቂያለሽ» የሚልም አይከተል። ከተቻለ በጽሑፍ ሳይሆን በአካል ይሁን። የዘበኛውን ነገር ደግሞ ያን ቀን አታንሳው። እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው፤ ሁለቱ ሲታረቁ በኋላ ይምጣ፣ መምጣቱ ግን አይቅር። የተነፈገ እውነት በሌላ ቀልድ ይወጣል።

ጓደኛዋ ቶሎ ላትመልስ ትችላለች። ልጅዎ ይህን ቀድማ ትወቅ። ደጋግማ መልእክት እየላከች «ይቅር አልሽኝ?» አትበል። አንዴ ተናግራ ቦታ ትስጣት። ወደ ክበቡም «አብሬሽ ልምጣ» አትበላት። ከእስያውያን ልጆች ጋር ያለ ምስክር የምትቀመጥበት ሰዓት ያስፈልጋታል። ይህን ልጅዎ እንደ መገፋት ልታየው ትችላለች፤ እሷም ሰንበት ትምህርት ቤት ከሐበሻ ልጆች ጋር ስትሆን የምታገኘው እፎይታ እንዳለ ያስታውሷት።

እርስዎስ? በሁለቱ መካከል ሽምግልና አይግቡ። እናቷ ጋ ደውለው ልጆቹን ለማስታረቅ አይሞክሩ፤ በዚህ ዕድሜ ወላጅ ሲገባበት ነገሩ ይከብዳል። የራስዎን ድርሻ ብቻ ያድርጉ። ልጅቷን ስታገኟት «ቤቴ ውስጥ በስምሽ መጥራት ሲገባኝ በሌላ ቃል ጠርቼሻለሁ፣ ይቅርታ» ይበሏት። «እኛ ሀገር ሁሉንም እንዲህ ነው የምንለው» አይጨምሩ፤ እውነት ቢሆንም ለሷ አይጠቅማትም። አያልቅሱ፤ ካለቀሱ እሷ እርስዎን ማጽናናት ሊኖርባት ነው።

አንድ ነገር ግን ነቅተው ይጠብቁ። ልጅቷ ከልጅዎ ጋር ስታወራ መልኳን እንደምትጠላ፣ ዓይኗን ወይም ፀጉሯን ለመለወጥ እንደምትፈልግ፣ ከሰው መራቅ እንደጀመረች ከሰሙ ያኔ ለእናቷ መንገር ተገቢ ነው። በዝርዝር አይደለም፤ «እየከፋት ይመስለኛል» ማለት ይበቃል።

ከመጣች ደግሞ እንደ እንግዳ አትቀበሏት። ልዩ ድግስ አይሥሩ፣ የጃፓን ምግብ ገዝተው አይጠብቋት። ሽሮው እንደድሮው ይሁን። በሩን ሲከፍቱ በስሟ ይጥሯት፣ ልጅዎንም ከመኝታ ቤቷ «መጣች» ብለው ሲጠሯት እንዲሁ በስሟ።